ጭኔ ላይ የተቀመጠው ጠጅ

ቴክሳስ ለሰው አዛኝ ናት። ቢራ ከመኪና ሳይወርዱ በመስኮት የሚሸጥበት ቤት አለ። ሽጉጥ በማኅደሩ ሆኖ ወገብ ላይ ቢታይም ማንም ቀና ብሎ አያይም። መኪና ውስጥ የተከፈተ ጠርሙስ ይዞ የተገኘ ግን ያኔ አደገኛ ሰው ሆነ፤ ባይጠጣውም ያው ነው። እኔ ይህን ሕግ የተማርኩት መጠጥ ቀምሶ በማያውቅ ሰው መኪና ውስጥ ነው።

የምኖረው ሜስኪት የምትባል ከተማ፣ አጎቴ ቤት ነው። አጎቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆነ የሳል ሽሮፕ እንኳ አልኮል እንዳይኖርበት ጽሑፉን አንብቦ ነው የሚውጠው። እንጀራው ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን መንዳት ነው። መሥሪያ ቤቱም ከመጠጥ ጋር የተያያዘ ክስ የተገኘበትን ሾፌር በዚያው ቀን ቁልፉን ይቀበለዋል።

ጎረቤታችን እማማ ደግሞ ጠጅ ጣይ ናቸው። ዩለስ የሚባል ከተማ ያለው የልጅ ልጃቸው ክርስትና ሲነሣ የሚወስዳቸው ሰው ቀረና አጎቴን በራሱ መኪና እንዲያደርሳቸው ለመኑት። አጎቴ እምቢ ማለትም ኃጢአት ይመስለዋል። የጠጁን ጀሪካን ትራንክ ውስጥ ከኋላ እንጫነው ቢላቸው፣ ጠጅ እንደ ሬሳ ሣጥን ውስጥ አይታፈንም አሉት። ገና እየፈላ ስለነበር ክዳን ከተገጠመለት ይፈነዳል። ስለዚህ አፉ ላይ ነጭ ጨርቅ ጣል አድርገው፣ እንዳይናጥ ጭኔ ላይ አስቀመጡት። እሳቸው ፊት፣ እኔና ጠጁ ኋላ። ሰው ፊት መናገር ስለማልወድ ዕቃ መያዝ ሁልጊዜ የኔ ድርሻ ነው። ዕቃ ጥያቄ አይጠይቅም።

ሃይዌይ ላይ ፖሊስ አስቆመን። አንዱ የፍሬን መብራታችን ጠፍቶ ኖሯል። መስኮቱ ሲወርድ ሽታው ከሁላችንም ቀድሞ ሰላምታ ሰጠው። አጎቴን አስወርዶ መስከር አለመስከሩን ለማየት እስክሪብቶ በዓይኑ እንዲከተል አደረገው። እንደዚያ ያለ ጨዋ ዓይን ገጥሞት አያውቅም መሰለኝ፣ ቅር እያለው መለሰው። ከዚያ በኋለኛው መስኮት አጎንብሶ ጭኔ ላይ ያለው ምንድን ነው አለ።

አጎቴ የማር ወይን ነው ብሎ አስረዳ። እማማ እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ፣ ሰውዬው መርዝ የጠረጠረ መሰላቸው። እንደ አገራችን ወግ ጠጅ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ቀምሶ ለእንግዳው ያሳያል። መዳፋቸውን ወደ ኋላ ዘረጉልኝ።

“ጠብ አድርጊልኝ አንቺ ልጅ። ሰውዬው ፈርቷል።”

ትልቅ ሰው ሲያዘኝ እታዘዛለሁ። ፖሊስ እያየኝ ቀዳሁ። እማማ ዓይናቸውን ዓይኑ ላይ ተክለው ጠጡና ከንፈራቸውን ጠረጉ።

“በይ አሁን ለሱም ስጪው።”

ፖሊሱ ግብዣውን አልተቀበለም። ይሄ የማን ነው አለ። ክሱ የሚጻፈው የኔ ባለው ሰው ላይ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። አውቀዋለሁ፤ አሮጊት ከሚከሰሱ ብሎ የኔ ነው ሊል ነው። ቫኑም፣ ደሞዙም፣ የምንኖርበት ቤትም በዚያች ቃል ሊሄዱ ነው።

“የኔ ነው” አልኩ በእንግሊዝኛ። ሱቅ ውስጥ ፌስታል ስጡኝ ለማለት የሚያፍረው አፌ፣ ድፍረቱን ለፖሊስ አስቀምጦት ኖሯል።

ሰውዬው አላመነኝም መሰለኝ፣ ደግሞ ጠየቀኝ። እኔም ደገምኩለት። የቅጣት ቲኬቱን በስሜ ጻፈና ጠጁን እንድደፋ አዘዘኝ። በልጅ ልጃቸው ክርስትና የጠገበው የመንገድ ዳር ሣር ሆነ።

“እንግዳ ሲጋብዙት መሬት የሚያጠጣ አገር” አሉ እማማ።

ወሬ ከሃይዌይ መኪና ይፈጥናል። ቤተ ክርስቲያናችን ሲደርስ ግን አጎቴንና እማማን መንገድ ላይ አውርዶ፣ እኔንና ጠጁን ብቻ ይዞ ነበር። እሑድ የጸሎት እኅቶች ከበውኝ የስካር መንፈስ ከዚህች ልጅ ይውጣ አሉ። አንዷማ ሐብሐብ የምትመርጥ ይመስል ራሴን ትጨምቀው ነበር። አጎቴ እውነቱን ሊናገር ብድግ አለ። ከኋላችን የተቀመጡት የቫን ባልደረቦቹ ናቸው። መኪናው የሱ እንደነበር ከሰሙ ወሬው አለቃው ጆሮ ለመድረስ ሰኞን አይጠብቅም። በእኅቶች እጅ መካከል እንዳይናገር እንደምንም ራሴን ነቀነቅሁለት።

ቆሞ አየኝ። ከዚያ ቁጭ አለና መንፈሱ እንዲለቀኝ ከሁሉም በላይ ጎላ ባለ ድምፅ አሜን አለ።