የነጠላ ጫማዬ ጎማ

ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር። እዚህ ግን «እሱ» ይበቃዋል።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው ለቤት ሠራተኛነት ጄኔቫ ያመጣኝ። ትልቅ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ያገሬ ሰው ነው። ሰርቬት የሚባል ሰፈር ባለው ቤቱ ከልጆቹ አብልጦ የሚሳሳለት የሙዚቃ ማጫወቻ ነበረው፤ ከድምፅ ማጉያው ሥር ደግሞ አራት ሹል የብረት እግሮች። «ንዝረት አለው፤ እነዚህ ናቸው የሚከላከሉት» አለኝ ገና በመጣሁ ሳምንት።

እኔ የማውቀው ንዝረት አንድ ነው፤ በእርጥብ እጅ ሶኬት ሲነኩ ኮረንቲ የሚነዝረው። ኮረንቲን በብረት መከላከል! ተምሮ ተምሮ ቤቱን ሊያነድ ነው ብዬ አዘንኩለት። ያኔ አዝንለት ነበር። አቧራ ስጠርግ ብረቶቹን አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩና አሮጌ ነጠላ ጫማዬን አራት ቦታ ቆርጬ ተካሁለት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እንግዳ እየጠራ «የባሱን ድምፅ ስሙት! እግሮቹ እኮ ናቸው» ሲል ከረመ። እንግዶቹም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አንድ ቀን መነጽሩ ወድቆበት ሲያጎነብስ ጎማዬን አየው።

«ለካ ሰሞኑን ድምፁ የታፈነው በዚህ ነው! ንዝረት ያልኩሽ መርገብገቡን ነው፣ አንቺ ደንቆሮ!»

ውሸታም። ብረቶቹን መልሶ ዘፈን ከፈተና ፊቱ አቆመኝ።

«አሁንስ? ልዩነቱ ተሰማሽ?»

እህቴ ዙሪክ፣ ቪዲኮን የሚባል ሰፈር፣ አራስ ነበረች። ገንፎ የሚያገነፋላት ሰው የላትም፤ እኔን ነው የምትጠብቀው። እሁድ እንድሄድ ፈቅዶልኝ ነበር። «አዎ» ብል ያልቅ ነበር፤ ምላሴ እምቢ አለኝ።

«አልተሰማኝም፣ ጋሼ። እርስዎም ሦስት ሳምንት አልተሰማዎትም።»

«ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ! እሁድ የትም አትሄጂም!»

እሁድ ሙዚቃ ሊሰማ ሲቀመጥ እንደ ልማዱ ስልኬን ተቀበለኝ። ድምፁን አጥፍቶ እዚያው ማጉያው ያለበት መደርደሪያ ላይ አኖረው። እኔ ስራመድ ወለሉ ይርገበገባል ስለሚል ወጥ ቤቱ በር ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ዘፈኑን ከፍቶ ዓይኑን ጨፈነ።

ስልኩ በራ። እየተንቀጠቀጠ፣ መደርደሪያው ላይ እየተንፏቀቀ፣ እነዚያን የተረገሙ ብረቶች እስኪነካ ሄደ። ቆመ፤ ደግሞ ጀመረ።

«ድምፁ እንዴት ይጠራል!» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

አዎ፣ ይጠራ ነበር። እህቴ ስድስት ጊዜ ደወለች።