ሳልለካ የገለበጥኩት

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በግጥም ሞክሬው ነበር፤ ግጥም ሳደርገው ጥፋቴ ማማር ጀመረ፤ ቀደድኩት። ስለዚህ እንዲሁ ልንገራችሁ።

ላፍቶ አንድ ግቢ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ እንከባከብ ነበር። ሥራዬ ውሃውን በመለኪያ ወረቀት እያየሁ ክሎሪንና አሲዱን ማመጣጠን ነው። የቤቱ ሰዎች ጴንጤዎች ናቸው፤ አንድ ቅዳሜ የልጆቻቸው ሞግዚት፣ እትዬ ወርቅነሽ፣ እዚያው ገንዳ ውስጥ ልትጠመቅ ሆነ።

ጠዋት ስደርስ ውሃው ደፍርሷል። አሲድ አንሶት ነው አልኩ። ለካሁ? አልለካሁም። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ቆሟል፤ ውሃው ካልዞረ አሲዱ የፈሰሰበት ቦታ እንደሚቀር አውቃለሁ። እያወቅኩ በመውረጃው ደረጃ በኩል ገለበጥኩት። እኔ ነኝ የገለበጥኩት። እንግዶች እየገቡ ነበር... እሱን ተዉት፣ ሰበብ ነው።

ፓስተሩ እዚያው ደረጃው ሥር አጠለቃት። ብቅ ስትል ዓይኖቿ ፍም መስለው እንባዋ ይወርዳል።

«መንፈስ ነው! ሃሌሉያ!» አሉ እንግዶቹ።

ዘመሩ። እሷም ዓይኗን ጨፍና አብራ ዘመረች። እኔ ንጹሕ ውሃ የሚወርድበትን ጎማ ይዤ ቆሜያለሁ። «እትዬ፣ ቶሎ ታጠቢ» ማለት ምን ይከብዳል? ለምን ዝም አልኩ? ሥራዬን ፈርቼ? ደስታቸውን ላለማደናቀፍ? ወይስ ለአፍታ እኔም መንፈስ መስሎኝ? እስካሁን አልለየሁትም። መዝሙሩ እስኪያልቅ ግን ዝም አልኩ።

በቀደም ኃይሌ ጋርመንት ታክሲ ሰልፍ ላይ እትዬ ወርቅነሽ አገኘችኝ።

«አንተ ገጣሚ! ይሄን ፀጉር ዛሬም አልተቆረጥከውም?» ሳቀችብኝ። ቀኝ ዓይኗን ነጭ ነገር ጋርዶታል።

«ዓይንሽ ምን ሆነ እትዬ?»

«ተወው፣ ግራዬ ለሁለቱም ታያለች። ሐኪሙ ከጥምቀቱ ነው፣ ያኔውኑ ብትታጠቢ ኖሮ ይለኛል። እሱ ምን ያውቃል? ያን ቀን ጌታ ነክቶኝ ነው ያለቀስኩት። ውሃውን ያዘጋጀህልኝ አንተ፣ ተባረክ!»

«አሜን» አልኩ።

አሜን! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ብነግራት ዓይኗ አይመለስም፤ ያቺን ቀኗንም እወስድባታለሁ። ባልነግራት በምርቃቷ እየኖርኩ ነው። እንባዋ ሁሉ የአሲዱ ነበር? ወይስ የራሷም ነበረበት? አላውቅም። ማሩኝ እንዳልላችሁ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ እንደ ባለውለታዋ ነው የምታየኝ፣ በዚያች በተረፈችው ዓይኗ።