ከአልበሙ የቀረው የእትዬ አልማዝ ድምፅ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እናገርና ይቺን እዘላታለሁ። እናንተ ስለማታውቁኝ ልንገራችሁ።

ሀብታሙን ድራም መምታት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ቦንጋ አብረን አደግን፤ እሱ አዲስ አበባ ሄዶ የታወቀ የጃዝ ድራመር ሆነ፣ እኔ እዚሁ ቀርቼ ትንሽ ስቱዲዮ ከፈትኩ። ስሙ በተነሣ ቁጥር «እኔ ነኝ ያስተማርኩት» እል ነበር። ማን ይሰማኛል?

አንድ ክረምት አልበሙን ሊቀዳ እኔ ጋ መጣ። ትልቅ ባንድ አልፈለገም፤ አንዱን ዜማ ሦስት ሆነው፣ ሌላውን አራት ሆነው ተጫወቱ። በአንደኛው ኪቦርድ የተጫወትኩት እኔ ነበርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጫውቼ አላውቅም።

በመጨረሻው ቀን እናቱን እትዬ አልማዝን አሁን ከሚኖሩባት ከደካ አመጣቸው። በልጅነቴ ከሱ እኩል እያጎረሱ ያሳደጉኝ ሴት ናቸው። ማይክ ፊት ተቀምጠው በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ የድሮ ዜማ አንጎራጎሩ፤ እሱ ድራሙን በዱላ ሳይሆን በሽቦ ብሩሽ እየዳሰሰ ተከተላቸው። አንዴ ብቻ ነው የተቀዳው። ሲጨርሱ ሀብታሙ ዓይኑን ጠርጎ፣

«አልበሙ ይሄ ነው፤ ሌላው ማሟያ ነው» አለኝ።

ማሟያ። እኔ፣ ያስተማርኩት ሰው፣ ማሟያ።

እናቱን መኪና ሊያሳፍር ሲወጣ ቅጂውን አጠፋሁት። እጄ ስቶ አይደለም። ኮምፒውተሩ ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩ። ሲመለስ መብራት ሄዶ ፋይሉ ተበላሸ አልኩት። ቦንጋ ላይ መብራት ሄደ ሲባል ማን ይጠራጠራል? ትከሻዬን ያዘ።

«አይዞህ፣ እናቴ እንደሆን አለች፤ እንደግመዋለን» አለኝ። እኔኑ አጽናናኝ።

አልተደገመም። መስቀል ሳይደርስ እትዬ አልማዝን ስትሮክ መታቸው፤ አንደበታቸው ተያዘ። አልበሙ ያለሳቸው ወጣ። የከተማው ሰው እኔ የተጫወትኩበትን ዜማ ወደደው፤ መንገድ ላይ እያስቆመ አመሰገነኝ። ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።

አምና እትዬ አልማዝ አረፉ። ደካ ለቅሶ ቤት ከሀብታሙ አጠገብ ተቀመጥኩ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከዚያ ቀን ቅጂ አንዲት ቃል እንኳ ተርፋ እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ድምፅዋ እየጠፋብኝ ነው» አለኝ።

አልተረፈችም አልኩት። እውነቴን ነው፤ እትዬ ከታመሙ ወዲህ ስንት ጊዜ ፈልጌያታለሁ። ማን እንዳጠፋት ግን አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

ቅናት አሳወረኝ እንዳልል ዓይኔ ያይ ነበር። ይቅርታ ከእናንተ አልለምንም፤ እናንተን ምን በደልኩ? የበደልኩት ሰው ለእናቱ ሙት ዓመት ሊመጣ ነው፤ እኔ ቤት ነው የሚያርፈው።