ጓዳ ውስጥ የተማርኩት ቀለም

ሽማግሌዎቹ ቤታችን የመጡት እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። እኔ ለሰንበት ከመካነ ኢየሱስ ወደ ገጠሩ ቤታችን ሄጄ ነበርና ከጓዳ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ። አባቴ ግቡ ቢላቸው "የመጣንበትን ሳናደርስ አንቀመጥም" አሉ። ለጭቃ ሹሙ ልጅ ሊያጩኝ ነበር የመጡት። አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ልገባ ክረምቱ ብቻ ቀርቶኛል።

"ልጄ ትማራለች" አለ አባቴ።

"ተምራ የት ልትደርስ?"

"የምትደርስበትን እኔም አላውቅም። ግን ትማራለች።"

ሌላ ጊዜም መጡ፤ መልሱ ያው ሆነ። ሲወጡ በዕድሜ የገፉት ሰውዬ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ዞር አሉና "እኛስ ደጅ ጠናን። ከእንግዲህ ጎረምሶቹን የሚይዝልህ የለም" አሉት። አባቴ ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባው። እምቢ የተባለ ወገን ልጅቷን ከውሃ መንገድ ላይ አንሥቶ ይሄዳል፤ ካደረች በኋላ ሽማግሌ ይላካል፤ እርቅ ይሆናል፤ ያበቃል።

አባቴ በማግስቱ በበቅሎ አፈናጦ መካነ ኢየሱስ፣ ከእህቱ ቤት አደረሰኝ። ትምህርት ቤት ሳለሁም የምኖረው እዚያው ነበር፤ የአሁኑ አመጣጥ ግን ሌላ ነው። አክስቴን ከበሩ ላይ እንደቆመ "ነገሩ እስኪበርድ ደጅ እንዳትወጣ" አላት። እኔን ደግሞ ራሴን ዳሰሰኝና በቅሎውን አዙሮ ሄደ።

አክስቴ ባሏ የሞተባት ጠላ ሻጭ ናት። የፊተኛው ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ወንድ አይጠፋውም፤ ስለዚህ መኖሪያዬ የኋላው ጓዳ ሆነ። የጠላ ጋን፣ የጌሾ ጆንያ፣ አንድ የጣውላ መደብ፣ ወደ ጓሮ የምታይ ሰፌድ የምታህል መስኮት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ፊት ለፊት የሚጠጡት ሰዎች የሚሉት አይሰማኝም፤ ዝናቡ ሲያባራ ግን ሳላቸው ሳይቀር ይሰማኛል። ሳል ሲይዘኝ አፌን በነጠላ አፍኜ ነው የምስለው። ጠጪዎቹ ከወዴት እንደመጡ፣ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ አይታወቅማ።

በሐምሌ መካከል የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ባለቤት መጣች። ከሸዋ የመጣች ወጣት ሴት ናት፤ ሥዕልና የእጅ ሥራ ታስተምረን ስለነበር "እትዬ" ነው የምንላት። መታሰሬን ሰምታ ኖሮ ጃንጥላዋን በጠላ ቤቱ በር አጥፋ ቀጥታ ወደ ጓዳ ገባች። ከሥር እስከ ላይ አየችኝና፣

"ምን ስትሠሪ ትውያለሽ?" አለችኝ።

"ምንም።"

"ምንም ክፉ ነው" አለችና ከቦርሳዋ ስስ የቆርቆሮ ሣጥን አወጣች። ክዳኑን ስትከፍተው እንደ አለቀ ሳሙና የተጠፈጠፉ ቀለሞች ተደርድረው አየሁ። አንድ ብሩሽ አብሮ ነበረ። ጣሳ ውሃ አስመጣች፤ የአክስቴን የብረት ሰሃን ገልብጣ ከጀርባው ላይ ትበጠብጥ ጀመር።

ቢጫውን አሟሟችና ሰማያዊውን በብሩሹ ጫፍ ነካ አደረገችበት። የገብስ ቡቃያ ሆነ። ትንሽ ሰማያዊ ጨመረች፤ የጽድ ቅጠል ሆነ። ቀይ አስነካችው፤ ቅጠሉ ያረጀ መሰለ። እኔ ዓይኔን ከሰሃኑ መንቀል አቃተኝ።

"ነጩ የታል?" አልኳት።

"ነጭ የለንም። ነጩ ወረቀቱ ነው። ነጭ እንዲሆን የምትፈልጊውን ቦታ አትንኪው፤ በቃ።"

ብሩሹን ሰጠችኝ። ከአክስቴ ጓሮ የድንች አበባ ቀጥፋ አምጥታ ጣሳው አጠገብ አኖረችው። እኔ ቸኩዬ ሦስቱንም ቀለም አገናኘኋቸው፤ የመጀመሪያዬ አበባ የሐምሌን መንገድ መሰለ፤ ጭቃ። እሷ ሳቀች። "ሁለቱ ይስማማሉ። ሦስተኛውን በጥቂቱ ካልሆነ አታስጠጊ። ደግሞም ከስሱ ጀምረሽ ነው ወደ ደማቁ የምትሄጂው፤ ደማቁን ካስቀደምሽ መመለሻ የለውም።"

ሣጥኑን ትታልኝ ሄደች። በየሳምንቱ እየመጣች የሠራሁትን ታያለች፤ ወረቀትም ታመጣልኛለች።

አበባ የምታመጣልኝ ግን ጓደኛዬ ናት። በክፍላችን በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር የምንቀመጠው። አባት የላትም፤ እናቷ ጥጥ ፈትላ ነው የምታሳድጋት። ጭቃውን እየረገጠች፣ ከነጠላዋ ሥር አበባ ሸሽጋ፣ እንደ ኮንትሮባንድ ታስገባልኝ ነበር። የባቄላ አበባ ስታመጣ ነጩን ወረቀት ሳልነካ መተውን ተለማመድኩበት፤ ጥቁሩን ነቁጥ መጨረሻ ላይ ብቻ ጣል ማድረግ። የአተር አበባ ስታመጣ ቀይና ሰማያዊ አገናኝቼ ወይን ጠጁን አገኘሁት፤ ያን ቀን እንደ እብድ ለብቻዬ ሳቅሁ። ኮሸሽላ ስታመጣ እሾኹ ጣቷን ወግቷት ደማ። "ቀዩን ከዚህ ውሰጅ" ብላ ጣቷን ወደ ሰሃኑ ዘረጋችልኝ።

በነሐሴ እርጥበት ቀለም አይደርቅም። ቅጠሉን ቀብቼ ሳይደርቅ አበባውን ካስጠጋሁት አንዱ ወደ አንዱ ይፈስና ሁሉም ይበላሻል። ስለዚህ ወረቀቱን ምድጃው አጠገብ አድርጌ፣ ጉልበቴን አቅፌ እጠብቃለሁ። መጠበቁን እጠላው ነበር። የተዘጋሁበት ነገር ሁሉ መጠበቅ ሆኖ ሳለ ቀለሙም ደግሞ ጠብቂ ይለኛል።

በመስከረም ትምህርት ቤት ተከፈተ። እኔ አልሄድኩም። ጓደኛዬ ከትምህርት ስትመለስ ተልባው ማበቡን ነገረችኝ። "ሜዳው ሁሉ ሰማይ ሆኗል" አለችኝ። ቆርጣ ስታመጣልኝ ግን የሚደርሰው ግንዱ ብቻ ነው፤ የአበባው ቅጠሎች መንገድ ላይ ረግፈው ያልቃሉ። አንድ ሦስት ጊዜ ሞከረች። መጨረሻ ላይ ባዶውን ግንድ እያየች፣

"ይሄስ አይመጣም፤ ቁሞ ሳለ ነው ማየት ያለብሽ" አለችኝ።

"እንዴት አድርጌ?"

ሰማያዊውን በውሃ አቀጥኜ አሳየኋት፤ "ስሱ ነው" አለች። አደመቅሁት፤ "አሁን በዛ" አለች። ከቀዩ ጭላጭ አስነካሁት፤ "ቀርቧል፤ ግን አይደለም" አለችኝ። ተናደድኩና ወረቀቱን ጨመደድኩት። እሷ ፈታ፣ በጉልበቷ ላይ አስተካክላ መለሰችልኝ። እኔ በእግሮቿ ላይ ያለውን ጭቃ ነበር የማየው። ያን ጭቃ ተመኘሁት።

ከመስቀል በፊት ባለው የገበያ ቀን ዝናቡ አቁሞ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። ብሩሼን ነክሬ ሳለሁ ከፊተኛው ቤት አንድ የማላውቀው ድምፅ ሰማሁ።

"እመቤት፣ የወንድምሽ ልጅ እዚህ ናት አሉ።"

"ማን አለ?" አለች አክስቴ።

"ይባላል።"

"አባቷ ደብረ ታቦር ልኳታል። ልቅዳልህ?"

"ደብረ ታቦር በዚህ ክረምት? በምን ተሻግራ?"

"በእግዜር ድልድይ!" አለችው አክስቴ፤ ሌሎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ብሩሹን በአየር ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። ጠብታው ከጫፉ ላይ አብጦ፣ ከብዶ፣ የጨረስኩት የጎመን አበባ ላይ ወደቀ። ላነሣው ብንቀሳቀስ መደቡ ይንቋቋል። ቢጫው ላይ ሲሰፋ፣ ሲሰፋ እያየሁ ተቀመጥኩ። ሰውየው ጠላውን ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ አበባው በሙሉ ጠፍቶ ነበር።

ማታውን አክስቴ መቀነቷን አጥብቃ አጠገቤ ተኛች፤ ከበሩ ኋላ መጥረቢያ አኖረች።

ጓደኛዬን የወሰዷት መስቀል ባለፈ በማግስቱ ነው። ለእናቷ ጥጥ ልታመጣ ወጥታ ነበር። ከወንዙ ማዶ ከቁጥቋጦ ወጥተው በፈረስ ጫኗት አሉ። የጭቃ ሹሙ ወገኖች ናቸው። ድግሱ ተጥሎ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ የእኔ እምቢታ ውርደት ሆኖባቸው ነበርና ባዶ እጃቸውን አንገባም ብለው ነው። አባት የሌላትን፣ ወንድም የሌላትን አዩ።

የሰማሁት ከእናቷ ጩኸት ነው። ጠላ ቤቱ ድረስ መጥታ በደጃፉ ላይ ወደቀች። እኔ ከጓዳው ሮጬ ወጣሁ፤ በዚያ ሁሉ ወር የፊተኛውን ቤት ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው። ማንም አልያዘኝም። ማንም ተመለሽ አላለኝም። እናቷ እግሬ ሥር ተቀምጣ "ልጄን፣ ልጄን" ትላለች።

እትዬና ባሏ አቤት ሊሉ ሮጡ። ሽማግሌዎቹ ግን ቀድመዋቸው ነበር፤ እናትየዋ ብቻዋን ምን ትመልሳለች? እርቁ ወረደ።

አባቴ በሳምንቱ መጣ። ፊቱ ላይ የነበረው ሸክም ተራግፎ ነበር፤ ለመደበቅ ቢሞክርም ያስታውቃል።

"በይ እንግዲህ" አለኝ፤ "ከነገ ጀምረሽ ትምህርትሽን ቀጥይ። ያ ነገር አልፏል።"

"በማን አለፈ አባባ?"

ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ሲያገላብጠው ቆየ። ልጁን ማዳኑ ነው፤ ይህን አውቃለሁ፤ አልወቅሰውም። ግን በሩ ተከፍቶልኝ መውጣት አቃተኝ። ትምህርት ቤት ስሄድ አግዳሚው ወንበር ላይ ከጎኔ ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ ስመለስ ቀጥታ ወደ ጓዳው እገባለሁ። አክስቴ "ምነው፣ ፀሐይ አትሞቂም?" ትለኛለች። ቀለሙን ለብዙ ጊዜ አልነካሁትም።

ከጥምቀት በኋላ የጓደኛዬ እናት ልታያት ስትሄድ እኔና አክስቴ አብረናት ሄድን። እትዬ ሣጥኑን "ያንቺ ነው፤ ይዘሽላት ሂጂ" ብላኝ ነበር። የአማቾቿ ቤት ወደ ስማዳ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ደጁ ላይ አንድ ቀጭን ልጅ እግር ገለባ ከአህያ ላይ ያራግፋል። ጢም እንኳ አላወጣም። እጅ ነሣንና ዓይኑን ሳያነሣ ወደ በረቱ ገባ። የጭቃ ሹሙ ልጅ ነው፤ ያን ሁሉ ወር የፈራሁት እሱን ነበር።

ጓደኛዬ ቀሚሷ ረዝሞ፣ ሻሽ አስራ ወጣች። አቅፋኝ ቆየች። ከአጥሩ ጥግ ተቀመጥን። አማቷ ከበሩ ላይ ሆና ስንዴ እየለቀመች ታየናለች።

"አንችን ሲጠብቁ እኔን ማን አየ?" አለችኝ በመጨረሻ። ተቆጥታ አልነበረም። እንዲያው ያሰበችበትን ነገር መናገሯ ነው።

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። "በይ ቀለሙን አውጪው፤ አማቴ ሳትጠራኝ" አለችኝ።

ብሩሽ ይዛ አታውቅም። አበባ ስታመጣልኝ ከርማ አንድም ቀን ልሞክር ብላኝ አታውቅም፤ እኔም ሞክሪ ብያት አላውቅም። ሰማያዊውን በሣጥኑ ክዳን ላይ አሟሟሁላት። ራሷ ውሃ ጨመረች፤ ቀነሰች፤ ከቀዩ እንደ ጤፍ ቅንጣት አስነካች። ምላሷን ከጥርሷ መሐል አውጥታ አምስት ቅጠል ሠራች፤ መሐሉን ነጭ ተወችው። እኔ በጓዳዬ ውስጥ ሆኜ ያጣሁት ሰማያዊ ነበር።

"ይሄ ነው" አለችኝ። "አየሽ? ይሄን ነበር የምልሽ።"

አማቷ ጠራቻት። ወረቀቱን ሳይደርቅ አጥፋ ከመቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችውና ተነሣች።

እኔ በዓመቱ በጭነት መኪና ለትምህርት ደብረ ታቦር ሄድኩ፤ በኋላም እዚያው አስተማሪ ሆንኩ። እሷ በዚያው በቁልቁለቱ ቤት ወለደች፤ ባሏ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ራሷ ነግራኛለች። የመጀመሪያ ልጇ ለትምህርት ስትደርስ ይዛት እኔ ቤት መጣች። ያን ያህል መንገድ ተጉዛ አታውቅም ነበርና እግሯ አብጦ ነበር። አንድ ቀን ብቻ አድራ ልትሄድ ስትል ልጅቷን ወደ እኔ ገፋ አደረገቻት።

"ጠብቂልኝ" አለችኝ፤ ከዚያ ትንሽ አሰበችና "ግን እንዳትዘጊባት" አለችኝ።

እሺ አልኳት። ሁለቱን እንዴት አንድ ላይ እንደማደርግ ግን አላውቅም ነበር። እናቷን የያዘው መኪና ሲነሣ ልጅቷ እጄን ለቃ ወደ መንገዱ ሮጠች፤ እኔም ተከትያት ሮጥኩ።