ጭስ መውጫ ያጣው የእናቴ ቤት

ከካምባ ከተማ በላይ ደጋው ላይ ካለው መንደራችን ለስደት የወጣሁ ምሽት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። እናቴ እሳቱ አጠገብ አስቀምጣኝ «ብላ፣ ብላ» እያለች ቆጮውን ስትደራርብልኝ፣ ነፋሱ በቀርከሃው ግድግዳ እየሾለከ ጀርባዬን ይገርፈኛል። «አንተስ ተገላገልክ፤ እኔ ከዚህ ነፋስ ጋር ቀረሁ» አለች እየሳቀች። ሳቋ አላሳቀኝም። ሌላው ሲሰደድ መኪና ይመኛል፤ እኔ ለእሷ ሞቃት ቤት ተመኘሁ።

መንገዱን አልተርክም፤ ያለፈበት ያውቀዋል፣ ያላለፈበትም አይለፍበት። ጀርመን ገባሁና ሥራ አገኘሁ። ምን ሥራ መሰላችሁ? ቤት ማልበስ! «ዴሙንግ» ይሉታል። ሙቀት እንዳይወጣ፣ ማሞቂያውም ብዙ ኃይል እንዳይፈጅ ግድግዳውን እንደ ፍራሽ በወፈረ ነገር እንሸፍናለን፣ ቀዳዳውን ሁሉ እንደፍናለን።

የተከራየሁት ክፍልም እንዲሁ የታሸገ ነው። በረዶ በሚጥልበት አንድ ጠዋት አሮጊቷ አከራዬ ገብታ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ምነው እማማ፣ በዚህ በረዶ?»

«ሉፍተን! አየር ማስገባት! ጠዋትና ማታ። ውሉ ላይ ፈርመሃል።»

«ታዲያ ያሸግነው ብርዱን ለማስቀረት አይደል?»

«ቤቱ ቢታሸግም አንተ ትተነፍሳለህ» አለችና ጥግ ላይ ያለውን ሻጋታ አሳየችኝ። «ይኸው፣ የወጥህ እንፋሎት ነው።»

ሽሮዬ ተከሰሰ! ካምባ ቢሆን ወጡን የሚከስ ሰው እንኳን ቀምሶ ነው።

እዚያው መንደር ለቀረው ታናሽ ወንድሜ ለታደለ የሥራዬን ቪዲዮ እልክለት ነበር። ባለፈው ሳምንት እየተፍለቀለቀ ደወለልኝ።

«ወንድሜ፣ የእማዬን ቤት እንደ ፈረንጆቹ አደረግነው! ግድግዳውን ከውስጥ በጭቃ መረግነው፣ ከጣሪያው ሥር ላስቲክ ወጠርን። ነፋስ የሚባል አይገባም!»

ክው አልኩ። የእኛ ቤት ጭስ ማውጫ የለውም፤ ጭሱ የሚወጣው በዚያው በቀርከሃው መሀል ነው። ምስጡን ከቀርከሃው የሚያርቀው ጭሱ ስለሆነ ደግሞ እናቴ እሳቱን አታጠፋም። አሁን ጭሱ በየት ይውጣ? ቪዲዮውን ባልልክ ምን ነበረበት? ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

«እሳቱስ?» አልኩት።

«ይነድዳል እንጂ፤ መች ታጠፋለች?»

«እሷን አቅርባት! ቶሎ በል!»

ድምጿ በደስታ ተሞልቷል። «ተባረክ ልጄ። ዘንድሮ ሰው ሆኜ ተኛሁ። ራሴን ብቻ ትንሽ ይወጋኛል።»

«እማዬ፣ አሁኑኑ ውጪ! ታደለ ላስቲኩን ይቅደደው፣ ጭቃውንም ያፍርሰው!»

«ምን ነካህ? ሰው የሰጠውን ይነጥቃል?»

የታፈነ ጭስ ሰው በተኛበት እንደሚገድል እያለከለክሁ ነገርኳት። ሰምታኝ ተነሳች። በሩ ሲከፈት፣ ነፋሱም ስልኩ ውስጥ ሲገባ ይሰማኛል።

«እሺ፣ በሩን ከፍቼ አድራለሁ» አለች። «ግድግዳውን ግን ማንም አይነካብኝም። ልጄ ያለበሰኝ ነው። የሚፈርስ ከሆነ ራስህ መጥተህ አፍርሰው።»

የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አልተፈቀደም፤ ከጀርመን ከወጣሁ መልሰው አያስገቡኝም። ደጋውን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ብርዱ ሲበረታ በሩን መልሳ መዝጋቷ አይቀርም።

«መቼ ትመጣለህ?» አለችኝና መሳል ጀመረች።

ሳሉ እስኪያልፍላት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ጠበቅሁ። አላልፍ አላት።