የገነት አባት ምርቃት እና አሮጌው ላፕቶፔ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 ነው፤ ናይሮቢ ውስጥ የሐበሻ ሰርግ ቪዲዮ እየቀረጽኩ እኖር በነበረበት ጊዜ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ በራሴ አፍ የተናገርኩት ነገር ነው።

የምሠራው በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። የቀረጽኩትን ወደ ላፕቶፑ እገለብጥና በዚያው ካሴት ላይ የሚቀጥለውን ሰርግ እቀርጻለሁ። የገነትን ሰርግም እንዲሁ አደረግኩ። አባቷ ከይርጋለም በሞያሌ አድርገው በአውቶቡስ መጥተው ነበር። በመልሱ ዕለት ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ ረጅም ምርቃት መረቋት። አገራቸው በገቡ በሦስተኛው ሳምንት አረፉ።

ገነት የስደተኛ ወረቀቷ ስላላለቀ ለቀብር መሄድ አልቻለችም። ደውላ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ወንድሜ፣ የአባዬን ምርቃት ለአርባው አድርስልኝ።"

ላፕቶፑ ግን ሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ለማውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። መሃል ከተማ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ዋንጂሩ የምትባል ኬንያዊት ባለሙያ ከፈት አድርጋ አየችውና ሳቀች።

"ብራዘር፣ ፕሮሰሰሩን መቀየር ይቻላል፤ ግን ፋኑም ደክሟል፣ ሌላውም አርጅቷል። ሌላ ብትገዛ ይሻልሃል። የፈለግከውን አድርግ፣ ብቻ መጀመሪያ ውስጡ ያለውን ገልብጥ።"

ሳቋ አናደደኝ። ያ ላፕቶፕ እንጀራዬ ነው፤ ሌላ ለመግዛት ደግሞ አቅሙ አልነበረኝም። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ማለት ለእኔ ዓይነቱ ነው።

ሳውዝ ሲ ሰፈር ወዳለው ሰለሞን ሄድኩ። አብረን እናስቀድሳለን፣ ኮምፒውተርም ይጠግናል። "አዲስ ምን ያደርግልሃል? ከሌላ ላፕቶፕ ያወጣሁት ፈጣን ፕሮሰሰር አለኝ፤ እሱን ከገጠምኩልህ ይበራል!" አለኝ።

ዋንጂሩ ያለችው ትዝ ብሎኝ ነበር። ግን የአገሬን ልጅ፣ ያውም በነጋታው ቅዳሴ ላይ የማገኘውን ሰው፣ "መጀመሪያ ዕቃዬን ገልብጥ" ብለው ያላመንኩት ይመስለዋል ብዬ ፈራሁ። "አንተ ታውቃለህ" ብዬው ወጣሁ። ይቺ ቃል የስንቱን ቤት አፍርሳለች!

በሁለተኛው ቀን ስመለስ ላፕቶፑ እንደ መብረቅ ተነሳ። ውስጡ ባዶ ነበር።

"ዊንዶውሱ አልነሳ ሲለኝ ፎርማት አድርጌ አዲስ ጫንኩልህ። የእሱን አላስከፍልህም፣ ስጦታዬ ነው" አለ ሰለሞን ደስ ብሎት።

"የገነት አባት እዚያ ውስጥ ነበሩ" አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። "ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?"

ካሴቱን ብከፍተው የሌላ ሰው ሙሽሮች ይጨፍሩበታል። ወደ ዋንጂሩ ሮጥኩ። ቀኑን ሙሉ ሞክራ፣ "ፖሌ ሳና፣ በጣም አዝናለሁ፤ በላዩ ብዙ ተጭኖበታል" አለችኝ። ያን ጊዜ አልሳቀችም።

በአርባው ካሳራኒ፣ ገነት ቤት ሄድኩ። ቴሌቪዥኑን ሳሎን መሃል አውጥታለች። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እውነቱን ልናገር ነበር የሄድኩት። የዚያን ሁሉ ሰው ዓይን ሳይ ግን ፈራሁ።

"ገነቴ፣ ምርቃቱ አልተቀረጸም። ያኔ እኮ እንግዶቹን ቅረጽልኝ ብለሽ ወደ ውጭ ልከሽኝ ነበር" አልኳት።

አልላከችኝም። ተደፍታ ስለነበር የት እንደቆምኩ አላየችም፤ ይህን አውቅ ነበር። ለማስታወስ ሞከረች። ከዚያ ደረቷን እየደቃች፣ "በገዛ አፌ! በገዛ አፌ አባዬን!" ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ያዟት። አንዲት እናት ለእኔ ውሃ ሰጡኝ፣ "አንተ ምን ታደርግ ልጄ" እያሉ።

ፋይሉ በስህተት ጠፋ፤ እሷን ግን እያወቅኩ ነው የዋሸሁት። ስንት ጊዜ ልነግራት ተነስቼ ተመልሻለሁ፤ ፈሪ ነኝ።

ከዓመት በኋላ አንዲት ሙሽራ ለሰርጓ ስታነጋግረኝ፣ "ስንመረቅ የትም ብልክህ እንዳትሄድ፤ ገነት አደራ ብላኛለች" አለችኝ። "እሺ" አልኳት።