ድህነቴን ሊያዩ የመጡ እንግዶች

ሰው ከስድሳ በኋላ ይረጋል ይላሉ። እኔ ሰባን አልፌም አልረጋሁ። ወንበር ላይ ስቀመጥ ባለቤቴ «ምነው፣ ሚስማር አለበት?» ትለኛለች። ባለፈው ግንቦት ግን ከልማዴም ባሰብኝ፤ ያመጣብኝም የገዛ እጄ የጻፈው አንድ መስመር ነው።

ዕድሜዬን የፈጀሁት የሱቅ ታፔላ ስጽፍ ነው። ከአዘዞ እስከ ትክል ድንጋይ፣ ወዲያም እስከ አዲ አርቃይ፣ የሥጋ ቤቱን በሬ፣ የፀጉር አስተካካዩን መቀስ፣ የልብስ ሰፊውን መኪና በቡሩሽ የሣልሁት እኔ ነኝ። በሬዬን ፍየል ነው ያሉ ነበሩ፤ ይሁን፣ ሥጋው ተሸጧል። ኋላ በማሽን የሚታተም ባነር መጣና ቡሩሼን አስጣለኝ። እጄ ሥራ ሲፈታ እነዚያን የጠፉ ሱቆች፣ ባለቤቶቻቸው በር ላይ እንደቆሙ፣ አቡጀዲ ላይ መሣል ጀመርሁ። ሥዕሎቹ ከቤታችን ጀርባ ባለችው ክፍል ናቸው። የክፍሏ ጣሪያ ደግሞ ወንፊት ነው። አምና ክረምት አራቱን ዝናብ አጥቦ ወሰዳቸው። ለቆርቆሮ የሚሆን አቅም የለኝም፤ ዘንድሮም ክረምቱ እንዲሁ ከደረሰብኝ የቀሩት እንደሚከተሏቸው አውቃለሁ።

የድጋፉን ወሬ ያመጣችልኝ ሆስፒታል የምትሠራው ጎረቤታችን ናት።

«አያ፣ አቅም ላጠራቸው ሠዓሊዎች ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት አለ። ይኸው ፎርሙ» አለችኝ።

ሞላሁት። ስም፣ ዕድሜ፣ ሙያ፣ ሁሉም ቀና። አንዱ ቦታ ላይ ግን «ያለብዎትን የገንዘብ ችግር ይግለጹ» ይላል። እስክሪብቶ ይዤ ብዙ ተቁነጠነጥሁ። የማታውቁት ሰው «እንዴት ናችሁ?» ቢላችሁ ምን ትላላችሁ? እኔም እንደ ወጉ ጻፍሁ፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አይጎድልብንም።»

ሰነባብቶ ከድርጅቱ አንዲት ወጣት ደወለች።

«አባባ፣ ምንም አይጎድልብንም ብለው ጽፈዋል። ታዲያ ለምን አመለከቱ?»

«ጣሪያዋ ትንሽ… ያው ተመስገን ነው።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ከባልደረባዬ ጋር መጥተን ቤትዎን እንየው።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መቀመጥም መተኛትም እምቢ አለኝ። ግቢውን ጠርጌ ሳበቃ እንደገና ጠረግሁ። ያዘመመውን አጥር በእንጨት ደገፍሁ። ሐሙስ ከጎረቤቴ ሶፋዋን ተዋስሁ፤ ዓርብ ተመልሼ ምንጣፏን። ከዚያ አንዲቷን እንቁላል ጣይ ዶሯችንን ዓይን ዓይኗን ማየት ስጀምር ባለቤቴ ነቃች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? ሰዎቹ እኮ የሚመጡት ድህነትህን ሊያዩ ነው!»

«እንግዶች ናቸው።»

«ድህነት ሊቆጥር የሚመጣ እንግዳ!»

«እና በባዶ ቤት ልቀበላቸው?»

«አዎ፣ በባዶ ቤት!»

«አንቺ ብትሆኚ ትችያለሽ?»

ቢላዋውን አንሥታ አየችው፤ አስቀመጠችው። «በል ሽንኩርት ግዛ» አለችኝ።

ባልዲና ሳፋ የተደረደረባትን የኋላዋን ክፍል ቆለፍኳት። እሷ ለሰው የምትታይ አይደለችም።

ቅዳሜ ወጣቷና አንድ ጢማም ባልደረባዋ መጡ። ሶፋው ላይ አስቀመጥኋቸው። ዶሮው ቀረበ። «በሞቴ!» እያልሁ አጎረስኋቸው። ጢማሙ ሦስተኛውን ጉርሻ እንደ ቅጣት ተቀበለው። ወጣቷ እጇን ታጥባ ዙሪያውን ቃኘችና «ሸጋ ቤት ነው» ብላ ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ያቺ ሸጋ ልቤን ወጋችኝ። ተነሣሁ፣ ተቀመጥሁ፣ ደግሜ ተነሣሁ።

«የሚሥሉበትን ክፍል ብናየው?» አለች።

«ቁልፉ ጠፍቷል።»

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ በጣቴ እየዞረ ነው። ባለቤቴ ኪሴን ታያለች። ይህን ጊዜ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። እንግዶቹ ከእኛ ጋር ስለ ዝናቡ ደግነት ያወራሉ፤ ጆሮዬ ግን ጓሮ ሄዷል። የትኛው ሥዕል ላይ እየወረደ ይሆን?

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ናት፤ ከኋላዋ ሁለት ጎረምሶች ቆመዋል።

«አያ፣ ይቅር በሉኝ፣ አማቾቼ ሳይነግሩኝ መጡብኝ። ያቺን ሶፋዬን…» እንግዶቹ ሶፋው ላይ መቀመጣቸውን ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

እነሱም ብድግ አሉ። ሶፋው ወጣ። ምንጣፉ ተጠቀለለ። አራታችን ባዶ ሲሚንቶ ላይ ተገትረን ቀረን። ባለቤቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ በሳቅ ትንፈራፈራለች። ወጣቷ ግን አልሳቀችም።

«አባባ፣ ቁልፉ ተገኘ?»

ከኪሴ አወጣሁላት።

ጓሮ ስንደርስ ባልዲዎቹ ይንጣጣሉ። የአዲ አርቃዩ ልብስ ሰፊ ግንባሩ ላይ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ቅንድቡ መውረድ ጀምሯል። ወጣቷ ምንም ሳትል ሥዕሉን አቅፋ ወጣች። ጢማሙ ጃኬቱን አውልቆ በሁለተኛው ላይ ጣለው። እየተመላለስን ሁሉንም ወደ ፊት ቤት አስገባን። የሶፋው ቦታ ልክ በቃቸው።

ከዚያ ፎርሜን ከቦርሳዋ አወጣችና እስክሪብቶ ሰጠችኝ። «እኔ ልጽፍልዎ አልችልም፤ በእጅዎ ያርሙት።»

ዕድሜ ልኬን የሰውን ስም በሰው ቁመት ልክ ስጽፍ ኖሬ፣ አንዲት መስመር ለመጻፍ ሦስቴ እስክሪብቶውን አንሥቼ አስቀመጥሁ። ምስጋናውን አልሰረዝሁም። ከሥሩ ግን «ጣሪያችን ያፈሳል፤ ቆርቆሮ መግዣ የለኝም» ብዬ ጨመርሁ። ከዚህ ዶሮዋን ማረዱ ቀሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደወለች። ቆርቆሮው ተፈቅዷል። ሥራው ሲያልቅ መጥተው ያዩታል።

«ግን አባባ፣ ምንም እንዳያዘጋጁ!»

«ምንም!» አልኳት።

ስልኩን ኪሴ ሳልከት በሩ ጋ ደርሻለሁ።

«ወዴት ነው?» አለች ባለቤቴ።

«ጎረቤት ደረስ ብዬ ልምጣ።»

«ሶፋውን ልትለምን!»

«ኧረ ወዲያ! ሁለት ወንበር ብቻ ነው።»